ሰምቶ መጻፍ፦ የኤሊዛቤት ሌርድ ሕይወትና የልጆች ልቦለዶቻቸው

(በመራዊ ከተማ ለመምህራን፣ ለወላጆችና ለተማሪዎች የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር ሙሉ ቃል)



በዩኒቨርሲቲዎቻችን ሥነ ጽሑፍ ስናስተምር አብዛኛውን ጊዜ የምንነጋገረው ለአዋቂ ስለ ተጻፉ ልቦለዶች ነው። ለልጆች የሚጻፈው እንደ ቀላል ሥራ፣ እንደ መለማመጃ ይቆጠራል። ይህ አስተያየት ትክክል እንዳልሆነ በአንዲት ደራሲ ሕይወትና ሥራ ላሳያችሁ አስቤአለሁ። ደራሲዋ ወይዘሮ ኤሊዛቤት ሌርድ ይባላሉ፤ በብሪታንያ ከታወቁት የልጆችና የወጣቶች ልቦለድ ጸሐፊዎች አንዷ ናቸው።

ስለ ባሕር ማዶ ደራሲ ለመናገር ለምን መራዊ ድረስ እንደ መጣሁ የሚጠይቅ ይኖራል። መልሴ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ሌርድ በወጣትነታቸው በአገራችን መምህርት ነበሩ፤ በኋላም ቢያንስ ሦስት ልቦለዶችን ኢትዮጵያውያን ልጆችን ባለታሪክ አድርገው ጽፈዋል፤ ከየክልሉም ከ300 በላይ ተረቶችን ሰብስበዋል። ሁለተኛ፣ አሠራራቸው የገንዘብም የመሣሪያም ብልጫ የማይጠይቅ፣ እዚህ ተቀምጠን ልንሠራበት የምንችል ነው። ሌርድ ከመጻፋቸው በፊት ይሰማሉ። የዛሬው ንግግሬ በዚህ በመስማት ላይ ያተኩራል። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሌርድ በ1943 በኒው ዚላንድ ከስኮትላንዳውያን ወላጆች ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተመልሶ በለንደን ደቡባዊ ዳርቻ ተቀመጠ። በ18 ዓመታቸው በመምህርነት ወደ ማሌዥያ ሄዱ፤ ከዚያ ተመልሰው በብሪስቶል ዩኒቨርሲቲ ተማሩ። ከ1967 እስከ 1969 በአዲስ አበባ በልዑል በእደ ማርያም ላቦራቶሪ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ትምህርት ቤቱ በየጠቅላይ ግዛቱ ብልጫ ያሳዩ ተማሪዎች ተመርጠው የ12ኛ ክፍል ትምህርታቸውን የሚከታተሉበት ስለ ነበር፣ ወጣቷ መምህርት በአንድ ክፍል ውስጥ ከብዙ ማዕዘን የመጡ ልጆችን የማግኘት ዕድል ነበራት። ትምህርት ሲዘጋም በከተማው አልተወሰነችም፤ ከጓደኛዋ ጋር በቅሎ እየተከራየች ራቅ ወዳለው ገጠር ትጓዝ ነበር። በበቅሎ የሚሄድ መንገደኛ ሲመሽበት ማደሪያ መለመን፣ በሰው ምድጃ ዳር መቀመጥ፣ የቤቱንም ጨዋታ መስማት ግድ ይሆንበታል።

ከኢትዮጵያ ከተመለሱ በኋላ በለንደን በጎልማሶች ትምህርት ሠሩ፤ በ1975 የታሪክ ጸሐፊውን ዴቪድ ማክዶዋልን አግብተው በኢራቅና በሊባኖስ ኖሩ። ቤይሩት በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ በነበረች ጊዜ ያዩትና ኢራቅ ውስጥ ስለ ኩርዶች ያወቁት ነገር በኋላ ለልቦለዶቻቸው መነሻ ሆኗል። በ1991 የታተመውና ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ትቢያውን ሳሚ» ሊባል የሚችለው ልቦለዳቸው ታራ የተባለች የኩርድ ልጅ ከቤተሰቧ ጋር ከኢራቅ ሸሽታ፣ በኢራን መጠለያ ቆይታ፣ ለንደን እስክትደርስ ድረስ ይከተላታል። በ2003 የወጣውና ከፍልስጥኤማዊቷ ሶንያ ኒምር ጋር የሠሩት ሌላው መጽሐፍ ደግሞ በራማላህ ከተማ ሰዓት እላፊ ታውጆበት ቤት ውስጥ የተዘጋበትን ካሪምን ያሳየናል። ካሪም የሚመኘው ትልቅ ነገር አይደለም፤ ኳስ የሚጫወትበት ቁራሽ መሬት ብቻ ነው። በእነዚህ ሥራዎች ጦርነት የሚታየው ከጄኔራሎች ጠረጴዛ ሳይሆን ከልጅ ቁመት ነው። ትምህርት ቤቶች በግጭት ምክንያት በተዘጉበት አካባቢ ለምንኖር ሰዎች የካሪም ምኞት ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

ስለ ሽልማቶቻቸው በአጭሩ ልናገር። «ትቢያውን ሳሚ» በ1992 በብሪታንያ የልጆች መጽሐፍ ሽልማትን አግኝቷል። ይህ ሽልማት ከሌሎቹ የሚለየው አሸናፊውን የሚመርጡት አንባቢዎቹ ልጆች ራሳቸው በመሆናቸው ነው። ከዚህ ሌላ በብሪታንያ ለልጆች መጻሕፍት ከሚሰጡት ሽልማቶች ሁሉ የሚከበረው፣ ከ1936 ጀምሮ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የሚሰጡት የካርኔጊ ሜዳልያ ነው። ሌርድ ለዚህ ሜዳልያ ደጋግመው በመጨረሻው ዝርዝር ውስጥ ገብተዋል። እኛን በተለይ የሚመለከተን ከእነዚህ መጻሕፍት ሁለቱ አዲስ አበባንና አካባቢዋን መቼት ያደረጉ መሆናቸው ነው።

የመጀመሪያው በ2003 የታተመው «የቆሻሻው ንጉሥ» ነው። ማሞ እናቱ የሞተችበት ድኻ ልጅ ነው። አንድ ሰው አጎትህ ነኝ ብሎ፣ ሥራ አገኝልሃለሁ እያለ አታሎ፣ ከአዲስ አበባ አውጥቶ ለአንድ ገበሬ ይሸጠዋል። ማሞ ከብት ይጠብቃል፤ ይራባል፤ ይደበደባል፤ በመጨረሻ አምልጦ ወደ ከተማው ይመለሳል። ዳኒ ደግሞ የባለጸጋ ልጅ ነው፤ እናቱ ታማለች፤ የአባቱን ቁጣ መሸከም አቅቶት ከቤት ይኮበልላል። ሁለቱ በመቃብር ስፍራ ይገናኙና ሚሊዮን በተባለ ልጅ ከሚመሩ የጎዳና ልጆች ጋር ይቀላቀላሉ። በዚያ ቡድን የተገኘው ሁሉ የጋራ ነው፤ ደብቆ የሚበላ አባል አይሆንም።

ሌርድ ይህን መጽሐፍ የጻፉት ከአዲስ አበባ የጎዳና ልጆች ጋር ተቀምጠው ካወጓቸው በኋላ ነው። የመስማታቸው ፍሬ በገጸ ባሕርያቱ አሣሣል ላይ ይታያል። ስለ ጎዳና ልጅ የሚጻፍ ጽሑፍ ብዙውን ጊዜ ወይ ያሳዝናል፣ ወይ ያስፈራል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ግን ልጆቹ ሕግ ያወጣሉ፤ ይቀልዳሉ፤ ይጣላሉ፤ የታመመ ጓደኛቸውን ያስታምማሉ። እንባ ማፍሰሻ ሆነው አልቀረቡም፤ የሚያስቡና የሚወስኑ ሰዎች ናቸው።

አንድ መጽሐፍ ግን የትም ቢነበብ አንድ ዓይነት ሆኖ አይቆይም። ይህን ልቦለድ ለንደን ያለ ልጅ ሲያነበው ማሞ ከብት ጠባቂ መሆኑ ራሱ ያስደነግጠዋል። እዚህ ለተቀመጣችሁት ለብዙዎቻችሁ እረኝነት የልጅነታችሁ ትዝታ ነው፤ ዋሽንት የተማራችሁበት፣ ገና የተጫወታችሁበት፣ ከእኩዮቻችሁ ጋር ቆሎ የተካፈላችሁበት ነው። ስለዚህ የመራዊ አንባቢ የሚደነግጠው በእረኝነቱ አይሆንም። የሚደነግጠው ማታ ከብቱን አስገብቶ ሲመለስ «ልጄ፣ ምን ቀመስህ?» የሚለው ሰው በማጣቱ ነው። ልጅ በእናት አባቱ ቤት ከብት ሲጠብቅና ተሸጦ ሲጠብቅ ያለውን ልዩነት ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። የማሞ መንገድ ከከተማ ወደ ገጠር ነው፤ ከዚህ አካባቢ የሚነሡ ልጆች መንገድ ደግሞ ከገጠር ወደ ከተማ ነው። ዘመድ ነኝ ባይ ወይም ደላላ ይዟቸው ሄዶ በሰው ቤት የሚቀጠሩ፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ አስፋልት ዳር ጫማ የሚጠርጉ፣ ሎተሪ የሚያዞሩ ልጆች አሉን። የእነርሱን ጉዞ በዚህ ስፋትና በዚህ አክብሮት የሚተርክ፣ ራሳቸውም በአማርኛ ሊያነቡት የሚችሉት ልቦለድ ያስፈልገናል።

ሁለተኛው ልቦለድ በ2014 የታተመው «በዓለም ፈጣኑ ልጅ» ነው። ሰሎሞን የ11 ዓመት የገበሬ ልጅ ነው፤ ሯጭ የመሆን ሕልም አለው። አንድ ቀን አያቱ በድንገት አዲስ አበባ ይዤህ እሄዳለሁ ይለዋል፤ ሽማግሌና ልጅ ረጅሙን መንገድ በእግራቸው ይጓዛሉ። ከተማ እንደ ደረሱ አያት በሕመም ይወድቃል፤ ልጁም ለቤተሰቡ ለመንገር ወደ መንደሩ መሮጥ አለበት። ሩጫው የሚለካው በሰዓት ሳይሆን በአያቱ ሕይወት ነው። በየቀኑ ከቤቱ ተነሥቶ ብዙ ኪሎ ሜትር ተጉዞ ትምህርት ቤት የሚደርስ ልጅ ይህን ታሪክ ቢያነብ እግሩ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ እንደ ገባ ይሰማዋል። ልጅ የራሱን ሕይወት በመጽሐፍ ሲያገኝ ሕይወቱ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን ይማራል፤ ይህን በሌላ መንገድ ማስተማር አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛው ደግሞ ወደ ቅርባችን ያመጣናል። ከዚህ ተነሥተን ባሕር ዳርን አልፈን፣ ጣናን በስተግራ ትተን ብንጓዝ ደብረ ታቦር እንደርሳለን። የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1861 የተወለደው በዚያ ነው። አባቱ በሚያዝያ ወር 1868 መቅደላ ላይ ራሳቸውን ሠዉ፤ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤም በጥቂት ሳምንታት ልዩነት ዐረፉ። የ7 ዓመቱ ወላጅ አልባ ልጅ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ኢትዮጵያውያን «ባሻ ፈለቀ» ይሏቸው የነበሩት ሻምበል ስፒዲ ለጊዜው አሳደጉት፤ በኋላ ራግቢ በተባለው አዳሪ ትምህርት ቤት ገባ፤ በኅዳር 1879፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ በሊድስ ከተማ ሞቶ በዊንድዘር ተቀበረ። አጽሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ በተደጋጋሚ ተጠይቆ በ2023 የብሪታንያ ቤተ መንግሥት ጥያቄውን ሳይቀበል ቀርቷል። ሌርድ በ2012 ያሳተሙት «ከአንበሶች ጋር የተራመደው ልዑል» የዚህን ልጅ ሕይወት ለልጆች የሚተርክ ልቦለድ ነው።

የታሪክ መጻሕፍት ስለ መቅደላ ሲጽፉ ስለ ጦር፣ ስለ መድፍ፣ ስለ ተዘረፉ ቅርሶች ይጽፋሉ። ልቦለዱ ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል፦ ልጁ ማታ ሲተኛ በየትኛው ቋንቋ ያልም ነበር? ቋንቋውን የሚመልስለት ሰው በሌለበት አገር እናቱን በምን ቃል ያስታውሳት ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች የልጆች ደራሲ ጥያቄዎች ናቸው። እዚህ ላይ ግን አንድ ከባድ ነገር እንዳለ ልደብቃችሁ አልችልም። ከቋንቋው ተነጥሎ የሞተው የደብረ ታቦር ልጅ ታሪክ ለልጆች የተተረከው እርሱ በስደት በተማረው ቋንቋ፣ በእንግሊዝኛ ነው። ደራሲዋ በዚህ አይወቀሱም፤ በቋንቋቸው ጻፉ። በአማርኛ የመጻፉ ዕዳ የእኛ ነው።

አሁን ወደ ተረቶቹ ልሻገር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሌርድ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፣ በብሪቲሽ ካውንስል ድጋፍና በየክልሉ የባህል ቢሮዎች እገዛ፣ ተረት ዐዋቂዎችን ለመፈለግ አገሪቱን ዞሩ። መነሻው ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በቀላል እንግሊዝኛ የሚነበቡ መጻሕፍትን ማዘጋጀት ነበር። ገበሬውም፣ አርብቶ አደሩም፣ ካህኑም፣ ሼኩም፣ ባልቴቷም ተናገሩ፤ እሳቸውም በአስተርጓሚ አማካይነት ሰሙ፤ ቀረጹ፤ ጻፉ። ከዚህ ሥራ በ2000 የታተመ የተረት መድበል ወጥቷል፤ በ2013 ደግሞ የጉዞውን ታሪክ በሌላ መጽሐፍ አቅርበዋል። የኋለኛው መጽሐፍ ርእስ የተወሰደው ሰውን እየጠራች ወደ ማር ከምትመራው ወፍ ነው።

በዚህ ሥራ ሁለት ነገሮችን አደንቃለሁ። አንደኛው ተረቱን ከተራኪው አለመነጠላቸው ነው፤ ማን እንደ ተናገረው፣ የት እንደ ተነገረ መዝግበዋል። ሁለተኛው ተረቱን ለልጅ ይመቻል ብለው አለማለዘባቸው ነው። ጅቡ ይበላል፤ እንጀራ እናት ትጨክናለች፤ ብልጡም አንዳንዴ ሳይቀጣ ይሄዳል። ልጆች ይህን ይችላሉ፤ የማይችሉት መታለልን ነው።

በሌላ ቋንቋ መሻገር የማይችለውም ነገር አለ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብለን የምንቀበለው ቤት የሚመታው በአማርኛ ብቻ ነው። ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን የአጠራሩ መጥፋት ነው። እኛ ጅቡን «አያ ጅቦ» እንላለን። «አያ» ታላቅ ወንድምን የምንጠራበት፣ የማክበሪያና የመቅረቢያ ቃል ነው። ልንበላ የምንችልበትን አውሬ በወንድም ስም እናቆላምጠዋለን። ጦጣዋንም «እመት ጦጢት» እንላለን፤ እንደ ባለ ርስት ወይዘሮ። ፍርሃቱም፣ ሽንገላውም፣ ሳቁም በዚያ በአንድ ቃል ውስጥ አለ። በአነጋገር የሚፈርደው የጎጃም አድማጭ ገና «አያ» ሲባል ተረቱ ወዴት እንደሚሄድ ይገባዋል። ይህን ለመጻፍ የውጭ ደራሲ ስጦታ አይበቃም፤ በቋንቋው ውስጥ ያደገ ጆሮ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያለ ጆሮ ያላቸው ሰዎች አጥተን አናውቅም። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ከማሳተማቸው በፊት «ተረት ተረት የመሠረት»ን አሳትመዋል፤ ታላቁ የጎጃም ልቦለድ ጸሐፊ በተረት ነበር የጀመሩት። ከበደ ሚካኤል በ«ታሪክና ምሳሌ» ትውልድ አስተምረዋል። በ2009 ዓ.ም. ያረፉት አባባ ተስፋዬ፣ ተስፋዬ ሣህሉ፣ ከ40 ዓመታት በላይ በቴሌቪዥን የአገሪቱን ልጆች ተረት አስደምጠዋል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአሜሪካ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ሆነው ሲሠሩ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ መጥፋቱን አይተው በ2002 «ቂሉ ማሞ»ን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳተሙ፤ አገር ቤት ተመልሰውም በአዲስ አበባ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። መንገዱ ተጠርጓል ማለት ነው። የቀጭኑን መንገድ የሚያሰፋ ተጓዥ ነው የጎደለው።

ስለዚህ ንግግሬን በምስጋና ብቻ ሳይሆን በአንድ ሥራ ልቋጨው እፈልጋለሁ። ለመምህራን የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከአያቱ፣ ከአክስቱ ወይም ከጎረቤት ሽማግሌ አንድ ተረት ይስማ፤ ስልክ ካለው ይቅረጽ፤ ከሌለው ተመልሶ ይጻፍ። በወረቀቱ አናት ላይ የተራኪው ፈቃድ ከተገኘ ስሙ፣ ቀበሌው፣ የተነገረበት ቀን ይስፈር። የተራኪው ቃል ወደ መጽሐፍ አማርኛ አይታረም፤ የሜጫ አነጋገር እንደ ተነገረ ይቀመጥ። ከመጨረሻው ምክር አትለጥፉበት፤ ተረቱ ምክር ካለው ራሱ ይናገራል። ይህ ሥራ ሕንፃ አይጠይቅም፤ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንትም በቤት ውስጥ ሊሠራ ይችላል። በዓመቱ መጨረሻ አንድ ደብተር ሙሉ ተረት ያለው ትምህርት ቤት፣ ለወደፊት ደራሲዎቹ ስንቅ አዘጋጅቷል።

ለወላጆች ደግሞ የምለው ይህን ነው። ልጃችሁ የሆነውንም ያልሆነውንም ቀላቅሎ ሲያወራ «አትቀባጥር» ከማለታችሁ በፊት እስኪጨርስ ስሙት። ልቦለድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ለተማሪዎች ደግሞ፦ ታሪካችሁን የሚጽፍላችሁ ሰው ከሩቅ እስኪመጣ አትጠብቁ። ከቆጋ መስኖ ዳር የምታዩት፣ በገበያ ቀን የምትሰሙት፣ ወደ ከተማ ሄዶ ያልተመለሰው ጓደኛችሁ፣ ይህ ሁሉ ልቦለድ ነው።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ወይዘሮ ኤሊዛቤት ሌርድ የእኛን ቃል ሰምተው በቋንቋቸው በመጽሐፍ አኑረዋል፤ ለዚህ ምስጋና ይገባቸዋል። ሽማግሌዎቻችን ግን በየዓመቱ እየተለዩን ነው፤ ከእያንዳንዳቸው ጋር የሚቀበረው ተረት ሁለተኛ ተራኪ የለውም። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ቤታችሁ ያሉትን አረጋዊ ዛሬ ማታ አንድ ተረት ጠይቋቸው።